የአቦምሳው ሽምግልና

ሙያዬን ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል። አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም በምንም ሁኔታ እንደማይሳሳት በሒሳብ ማረጋገጥ ነው ሥራዬ። አዳማ ውስጥ ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ያዝንልኝና የተበላሸ ስልኩን ያወጣል። የዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቼም አይሻሉም። ይሠራል አይደል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ይሉኛል። ለተማሪዎቼማ ስንት ዘመን ለፈለፍኩ! ሺህ ጊዜ ሠራ ማለት ሁልጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም፤ «በምን አወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። ፈተና ላይ ይጽፉታል፤ ከበሩ ሲወጡ ይረሱታል።

አንዱ ብቻ ገባው። እሱም የማስተርስ ጽሑፉን ሳይጨርስ አንዲት የአቦምሳ ልጅ ወደደና፣ አባት የለኝም፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ ብሎ ለመነኝ። እንዲህ ተለምኖ እምቢ አይባልም። ከሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ከመጡ ሁለት አዛውንት ጋር ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። አንደኛው እስከ አቦምሳ ድረስ ስለ ስልካቸው ሲጠይቁኝ ሄዱ።

የልጅቱ አባት እህል ነጋዴ ናቸው። በኦሮምኛም በአማርኛም ሰላም ተባብለን ተቀመጥን። አዛውንቶቹ በተራ ልጁን አሞገሱ፤ ጨዋ ነው፣ እግዚአብሔርን ይፈራል፣ ሥራ ወዳድ ነው። አባትየው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎ አስተማሪው ነዎት። ልጄን እንደማይበድላት በምን አወቁ?»

ተናደድኩ። ዕድሜ ልኬን ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬ፣ መልስ በሌለኝ ቀን መጣ። ያለችኝ አንዲት ነገር ናት። ልጁ የሠራውን ማረጋገጫ እኔ አይቼ ትክክል ነው ብዬ ነበር። በኋላ ስህተቱን ራሱ ደረሰበት፤ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር፤ እሱ ግን መጥቶ ነገረኝ፤ የወራት ድካሙ ገደል ገባ። ይህንኑ ተናገርኩ።

«እሱ አንድ ቀን ነው» አሉ አባትየው።

ስልከኛው አዛውንት ጉልበቴን ጎሸም አደረጉኝ፤ ሁልጊዜም እንዲሁ ነው በል ማለታቸው ነው። አፌ እምቢ አለኝ።

«ልክ ነዎት፤ አንድ ቀን ነው» አልኩ።

አባትየው እናስብበት፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ ብለው ምሳ አበሉን። በመመለሻው መኪና ውስጥ ያናገረኝ የለም፤ ስለ ስልክ እንኳ የጠየቀኝ ጠፋ።

አዳማ ሳንደርስ ልጁ ደወለ። 

«ምን አሉ ዶክተር?»

«በምን አወቃችሁ አሉ።»

 ጥያቄውን ያስተማርኩት እኔ ነኝና ምን ይበለኝ።