ኔትወርክ ፍለጋ የገባንበት ለቅሶ

ደባርቅ ዳር አዲስ የማኅበር ቤት ሠርተን ስንገባ ሁሉም ነገር ተሟላልን፤ ከኢንተርኔት በቀር። አገልግሎት የሚሰጠው ድርጅት አንድ ብቻ ነው። ብናኮርፈው ወዴት እንሄዳለን? የእሱም ኔትወርክ ቢሆን ከሰፈሩ ሁሉ መርጦ የሚይዘው የጎረቤታችን የጋሽ መኮንን በር ላይ ነው።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የልጄን የማትሪክ ውጤት ለማየት ወደዚያው ሄድኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አንገቱን ደፍቶ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ እንደዚያ ቆመን ሲያዩን፣ በትራቸውን ጥለው «ወይኔ ወንድሜን!» እያሉ ያለቅሱ ጀመር። በእኛ አገር ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነው። «አባባ፣ ኧረ ሰው አልሞተም» ብሎ ማን ያሳፍራቸው? ስልካችንን ጋቢና ነጠላ ውስጥ ደብቀን አብረናቸው አለቀስን። ጋሽ መኮንንም ከቤት ወጥተው፣ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ ተቀላቀሉን።

ይሄኔ ስልኬ ነጠላዬ ስር በራ። ሰረቅ አድርጌ ባየው ልጄ አልፏል! አላስቻለኝም፤ እልልታዬን አቀለጥኩት።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሽማግሌው እንባቸውን እየጠረጉ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣

«ወራሿ ይቺ ናት መሰል!» አሉ።