ባቡር የጠፈጠፈው ሚስማር

ልጅ እያለሁ የድሬዳዋ ቀትር ለሥራ የሚሆን ሰዓት አልነበረም። ሙቀቱ ሲከር ሱቁ ይዘጋል፣ ጋሪው ጥላ ሥር ይቆማል፣ ግማሹ ከተማ ይተኛል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ በርጫ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ዕቃ የተበላሸበትን ሰው አምላክ ይሁነው! የእናቴ የስፌት መኪና መርጣ መርጣ ቀጥ ያለችው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ያውም የጎረቤታችንን ልጅ የሠርግ ቀሚስ እንደጎረሰች።

ጎረቤታችን ኤዶ ሐዋ ትባላለች። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እንዲያ ነበር የሚጠራት። የቀሚሱ ጨርቅ ከጅቡቲ በባቡር፣ በስንት ሽሽግ የመጣ ነው። በደርግ ጊዜ ኅብረት ሱቅ ውስጥ ከአቡጀዲና ከካኪ በቀር ምን ይገኝ ነበር? ሙሽራዋ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው የአስር ሶላት ቀጥሎ ልትወጣ ነው። ጨርቁ ከተቆረጠ ምትክ የለውም፤ ካልተቆረጠ ደግሞ ከመኪናዋ አፍ አይወጣም።

ችግሩ የታወቀ ነበር። ክሩ ከታች ተተብትቦ መኪናዋን አንቋታል፤ የታችኛውን ሽፋን የያዘችውን አንዲት ብሎን መፍታት ብቻ ነው። ብሎኗ ግን ጥግ ውስጥ ተሸጉጣለች፤ ከፊቷ ካለው ብረት ጋር ያላት ክፍተት ጣት ቢያስገባ ነው። አባቴ የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር። ካኔቴራውን ለብሶ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ ረጅሙን ካቻቢቴውን በዚህ ቢሞክር፣ በዚያ ቢሞክር፣ እጀታው ብረቱን እየመታ ጫፉ ብሎኗ ላይ አልቀመጥ አለ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ብሎኗን እዚያ ያስገባትን ሰው ይራገማል።

ኤዶ ሐዋ መጋላ ገበያ ድረስ ሮጣ የስፌት መኪና ጠጋኙን በርጫው ላይ አግኝታ ለመነችው። "አቦ፣ ቀበሌ ቢጠራኝም ሳልመረቅን አልነሳም!" ብሎ መለሳት። ባዶ እጇን ስትመጣ እናቴ መቀሱን አነሳች። ኤዶ ሐዋ ቀሚሱ ሲቆረጥ ላለማየት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ሚስማሬ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ለድሬ ልጆች መንገር አያስፈልግም፤ ለሌላው ልንገር። ሚስማር ሐዲድ ላይ አጋድመን፣ ራቅ ብለን ተደብቀን ባቡሩን እንጠብቃለን። ሲያልፍ ሚስማሩ እንደ ቢላ ተጠፍጥፎ፣ እጅ እያቃጠለ ይገኛል። እሱን በድንጋይ ስለን ብርቱካን እንልጥበታለን። ወንዶቹ ሴት አትችልም ስላሉኝ እኔ በእልህ ትልቁን ሚስማር ነበር ያስጨፈለቅሁት። አባቴ ግን ሐዲዱ አጠገብ ካየሁሽ እግርሽን እሰብረዋለሁ ብሎኛል፤ ደግሞ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው።

ቀሚሱን አየሁ፣ መቀሱን አየሁ፣ ሮጬ ሄጄ ሚስማሩን ከፍራሼ ሥር አወጣሁና ሰጠሁት። አባቴ አገላብጦ አየው። ባቡር ያለፈበትን ብረት እሱ ሊስተው ነው? ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ከዚያ በፒንሳ ይዞ ጠፍጣፋውን ጫፍ ወደ ጎን አጠፈው። ግሩም የሆነ ጎባጣ ካቻቢቴ ወጣው! የእሱ ጣቶች ግን ወፍራም ናቸው፤ ክፍተቱ ውስጥ አልገባ አሉት።

"በይ ግቢ፣ ያንቺ እጅ ይሻላል" አለኝ።

ተጋደምሁ። የዘይትና የጋለ ብረት ሽታ አፈነኝ። ጫፉን የብሎኗ ስንጥቅ ውስጥ አስገብቼ በአውራ ጣቴ ደግፌ ገፋሁ። አዳለጠኝ። እንደገና ጥርሴን ነክሼ ገፋሁ፤ ቀጭ አለች! ትንሽ አዙሬ፣ አውጥቼ፣ መልሼ አስገብቼ፣ ደግሞ ትንሽ አዙሬ፣ በመጨረሻ ብሎኗ መዳፌ ላይ ወደቀች። ሽፋኑ ተነሣ፣ አባቴ የተተበተበውን ክር መዘዘው፣ ቀሚሱ አንድ ጭረት ሳይነካው ወጣ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ኤዶ ሐዋ "ነያ፣ አንቺ ልጅ! ማሻአላህ!" እያለች ከመሬት አንሥታ አሽከረከረችኝ። እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ሙሽራዋ በሰዓቷ ወጣች። ጠጋኙ ዓይኑ ፈጦ አመሻሽ ላይ መጥቶ "የታለች መኪናዋ?" ሲል ሰፈሩ በሙሉ ሳቀበት። አባቴም እግሬን አልሰበረም፤ ሚስማር መጠፍጠፍ ካማረኝ መዶሻ እንዳለው ብቻ ነገረኝ።

ዛሬ ለየጥጉ የሚሆን ካቻቢቴ በየሱቁ ሞልቷል፤ አጭሩ፣ ጎባጣው፣ አንገቱ የሚዞረው። እኔም ገዝቻለሁ፤ ጥሩ ናቸው፣ አላማቸውም። አስቸጋሪ ብሎን ስትፈታልኝ ግን ቤቱ ጸጥ እንዳለ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ ራሴው እልል እላለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ድምፄ እየዋለ እያደረ የእናቴን መስሏል።