ሸምሲያ ያላየችው

ሸምሲያ ልጇ ሙህዬ ሲገደል ቆማ አይታለች። ሙህዬ የዝናቡን ጎርፍ ወደ ማሽላ ማሳቸው ሲመልስ የጎረቤት ልጅ እንድሪስ «የውሃው ተራ የኔ ነው» ብሎ በጥይት መታው። እቅፏ ውስጥ ነው የሞተው።

ሽማግሌዎች ስንት ለምነው ሁለቱን ቤተሰብ አስታረቁ። መንግሥት ግን ክሱን አልተወውም፤ ለምስክርነት ቆቦ ፍርድ ቤት ጠራት። ከመሰከረች እርቁ ይፈርሳል፤ እርቁ ከፈረሰ ደግሞ ደም መመላለሱ ይጀመራል፣ ቀጣዩ ሟችም የቀረላት አንድ ልጇ ከማል ነው። ሕግ አዋቂ ነኝ የሚል እዚህ ጋ ይፍረዳ!

ቁርኣን ይዛ ማለች። ዳኛው «ማን ተኮሰ?» ሲሏት «አላየሁም» አለች።

«እናቱ አይደሉም እንዴ?» አላት ዓቃቤ ሕጉ በንዴት።

«እናት ሆኜ ነዋ» አለች፣ በሆዷ ብቻ።

እንድሪስ ተለቀቀ። በእርቁ ወግ በሟቹ ቦታ ልጇ ሆኗል፤ ጎብዬ ገበያ ባገኛት ቁጥር ጉልበቷን ስሞ ሸክሟን ይቀበላታል።

«ደከመሽ እማ?»

«አልደከመኝም፣ ልጄ።»

ለፍርድ ቤቱ ውሸት አላህ እንዲምራት ትለምናለች። «ልጄ» ስላለችው ግን ይቅርታ የምትለምነው ሙህዬን ነው።