ኢንተርቪው እንዳይሄዱ

ሰው የመወከል ፈቃዴ በመጣ ቀን የድርጅታችን ጠበቃ ቢሮዋ ጠርታ አቀፈችኝና፣ «ከእንግዲህ ብትሳሳቺ የሚወሰደው ሌላ ሰው ነው» አለችኝ። ቁጥብ አሜሪካዊት ናት፤ ለማስፈራራት ብላ የምትናገር ሰው አይደለችም።

ከዚያ በፊት ኦቤትስ በምትባል ከተማ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ አሽግ ነበር። በዕረፍት ቀኖቼ እዚህ ትንሽ የስደተኞች የሕግ እርዳታ ድርጅት እየመጣሁ አስተረጉም ነበር። ጠበቃዋ ሕጉን ቀስ በቀስ አስተማረችኝ፤ ኮርሱንም ወሰድኩ፤ ድርጅቱ ለመንግሥት አመለከተልኝ። ጠበቃ ሳልሆን ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፊት ሰው ወክዬ መቅረብ ተፈቀደልኝ። ፍርድ ቤት ግን መቆም አልችልም።

ብዙም ሳይቆይ ሂሊያርድ ከሚባል ሰፈር አንድ ጋሼ መጡ። ኡበር ይነዳሉ። እዚሁ የተወለደችው ልጃቸው ዕድሜዋ ሲደርስ ግሪን ካርድ አመልክታላቸው፣ ኢንተርቪው ተቀጥረዋል።

«ሁሉ ነገር አልቋል» አሉኝ። «አንቺ አጠገቤ ቁጭ በይልኝ ብቻ።»

ድሮ ጥገኝነት ጠይቀው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«እሱማ ዋይንላንድ ፓርክ ስኖር ነው። ማንም ሳይጠራኝ ቀረ።»

እሳቸው እፊቴ እንደተቀመጡ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ አውቶማቲክ ስልክ ላይ ደውዬ የፋይል ቁጥራቸውን አስገባሁ። የተቀዳ የሴት ድምፅ፣ ያለ አንዳች ስሜት፣ ዳኛው ከአገር እንዲወጡ በሌሉበት እንደወሰነባቸው ነገረኝ። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ ደወልኩ። ያው ነው። ጋሼ ፈገግ ብለው ያዩኛል።

«ጋሼ፣ ኢንተርቪው እንዳይሄዱ።»

«እንዴት? ልጄ ከሥራ ዕረፍት ጠይቃለች እኮ።»

የፍርድ ቤቱ መጥሪያ የተላከው ለቀውት ወደወጡት አፓርታማ ሳይሆን እንደማይቀር፣ አሁን ኢንተርቪው ቢሄዱ እዚያው ሊይዟቸው እንደሚችሉ አስረዳኋቸው። «ማመልከቻው ላይ የአሁኑን ቤቴን ጽፌላቸዋለሁ» አሉ። «እንግዲያው የት እንዳለሁ ያውቃሉ።»

ወዲያው ጠበቃችንን ጠራኋት።

ፋይሉ እንደገና እንዲከፈት ጠበቃችን ክሊቭላንድ ላለው ፍርድ ቤት አመለከተች። ጋሼ መንዳት አቆሙ። አንድ ቀን ጠዋት ልጃቸው ኮል አደረገችኝ።

«እትዬ፣ ቤታችን ፊት ለፊት መኪና ቆሟል። ሁለት ሰዎች አሉበት፣ አይወርዱም። ዋት ዱ አይ ዱ?»

«በር እንዳትከፍቱ። ከመስኮቱም ራቁ።»

ስልኩን ሳንዘጋ ቆየን። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል፤ ከኋላዋ ጋሼ፣ «ወረዱ? ወረዱ?» ይላሉ። በኋላ መኪናው ሄደ። የማን እንደነበረ ዛሬም አናውቅም።

በስተመጨረሻ ዳኛው ውሳኔውን አነሣ፤ ቀጥሎም የግሪን ካርዱን ጥያቄ ኢሚግሬሽን እንዲያየው ብሎ ጉዳዩን ዘጋው። አዲስ ኢንተርቪው ተቀጠረ። አሁን ወረቀታቸው ንጹሕ ነው፤ ግን ወደ ሕንጻው ስንገባ ጋሼ ክንዴን ይዘው ነበር።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እንደተቀመጥን የጎን በር ተከፈተ። ጂንስ የለበሱ፣ ወገባቸው ላይ የኢሚግሬሽን ፖሊስ ባጅ ያንጠለጠሉ ሁለት ሰዎች ገቡ። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እፊት ለፊታችን ከሚስቱ ጋር ከተቀመጠ ወጣት ዘንድ ቆመው ስሙን ጠየቁት፤ ተነሣ፤ ይዘውት ወጡ። አንድም ሰው ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሚስቱ ጃኬቱን እንደታቀፈች ቀረች።

ወዲያው ጋሼ ተጠሩ። መርማሪው ትሑት ሰው ነበር። ጥቂት ጥያቄ ጠይቆ፣ ፋይሉን አገላብጦ፣ «አፕሩቭድ» ብሎ ፈቀደላቸው። ልጃቸው አለቀሰች። ጋሼ ግን አልተነሡም፤ በሩን ያያሉ።

«በዚህ ነው የምንወጣው?» ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

ስንወጣ የወጣቱ ሚስት ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። ጋሼ ገፋ አድርገውኝ፣ «ሂጂ፣ አነጋግሪያት እንጂ» አሉ። አጠገቧ ተንበርክኬ የጠበቃችንን ስልክ ቁጥር ሰጠኋት።

«ይመልሱታል አይደል?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ዛሬውኑ ደውዪ» አልኳት።

በማግሥቱ ቢሮ በማለዳ ገባሁ። ጠበቃችንን ስጠይቃት የደወለላት ሰው የለም። በሳምንቱም የለም።