ያላነበብኩት መጨረሻ

በዚህ የንባብ ቡድናችን ስንት ልብ ወለድ እንዳወራሁላችሁ፣ ስንቱን «ይህን ሳታነቡ እንዳትሞቱ» እንዳልኳችሁ እናንተው ታውቃላችሁ። ይህን አንዱን ነገር ግን ከበደልኳት ሴት በቀር ለማንም አውጥቼ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን አልተናገርኩም፤ ሲጠይቁኝ ቁጣዬንና መጠጤን ነግሬያቸው ነው የምመለሰው። የበደልኩት በመጽሐፍ ስለሆነ መስማት ያለበት አንባቢ ነው።

መቼም ታውቁኛላችሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት። እዚህ ዐረብ አገር፣ ፉርን ኤል ሸባክ በሚባል ሰፈር የአንድ ሕንፃ ናጡር፣ ጠባቂም ጽዳትም ሆኜ፣ ከጄኔሬተሩ ጎን ባለችው ክፍሌ ያነበብኩትን ያህል ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው አንብቧል ብዬ አላምንም። ዐረብኛም ቢሆን ከሱቅ ሰሌዳ ጀምሬ ጋዜጣ እስከማንበብ ደርሻለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ጥፋቴ የመጣው ከዚሁ ስለሆነ ማወቅ አለባችሁ።

ያኔ መጽሐፍ እንደ ዛሬው በስልክ አይላክም ነበር። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከአገር ቤት ስትመለስ በሻንጣዋ አንድ ሁለት ታመጣለች። ሙሉ መጽሐፍ ይዞ ማዳም ቤት መግባት ደግሞ አይታሰብም፤ ማዳም ካየች ሥራ ትተሽ ታነቢያለሽ ብላ ትነጥቃለች። ስለዚህ እኔ መጽሐፉን በምላጭ ከጀርባው እከፍለዋለሁ፣ እያንዳንዱን ክፍል በክር እሰፋለሁ፣ የሽርጥ ኪስ ውስጥ እንዲገባ አድርጌ አድላለሁ። የመጀመሪያውን የመለሰች ቀጣዩን ትወስዳለች። የትኛው መጽሐፍ ለማን እንደሚስማማ የምመርጠው እኔ ነኝ። «ጋሼ፣ ምን ላንብብ?» ሲሉኝ ደረቴ እንዴት ይነፋ እንደነበር ምን ብዬ ልንገራችሁ?

ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። የምትሠራው ቨርደን የሚባል ሰፈር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ማዳሟ እኔ ያለሁበት ሕንፃ ላይ የምትኖረውን የእህቷን ቤት እንድታጸዳ ትልካታለች። ዘይነባ ልጇን ሐያትን ጡት ገና ሳትተው አገር ቤት ላለችው እህቷ ሰጥታ ነው የመጣችው። እኔ ይህን አውቃለሁ። አውቄም ነው ያንን ልብ ወለድ የመረጥኩላት፤ ልጇን ለእህቷ ትታ ባሕር የተሻገረች ሴት ታሪክ ነው። ይህ ያንቺ መጽሐፍ ነው አልኳት። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ አልኳት።

ሁለት ጊዜ! እኔ አንድም ጊዜ አልጨረስኩትም። እጄ ሲገባ መጨረሻው ተገንጥሎ ጠፍቶ ነበር። ሴትዮዋ አገሯ ገብታ፣ የእህቷ በር ላይ ቆማ፣ ልታንኳኳ እጇን ስታነሳ ያበቃል። ለሚጠይቁኝ ሁሉ የመጨረሻው ክፍል ሀደት ሰፈር ያለች አንዲት ልጅ ጋ ነው እል ነበር። ለምን? ያላነበብኩት ነገር መኖሩ እንዳይታወቅብኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አንድ ቅዳሜ ዘይነባ የቆሻሻ ከረጢት በእጇ እንደያዘች ክፍሌ በር ላይ መጣች። የማዳሟ ሾፌር ውጭ ሆኖ ጥሩንባውን ይነፋል። ኮንትራቷ አልቋል፤ ማዳሟ ወይ ትኬትሽን ልቁረጥ ወይ ፈርሚና ቆዪ ብላታለች፤ መልሱን ዛሬ ማታ ትፈልጋለች። ይህን ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ክፍሉ እስኪመለስ አልደርስም። በአፍዎ ይንገሩኝ። ልጅቷ እናቷን አወቀቻት?»

አላነበብኩትም ማለት ብቻ ነበረብኝ። አንዲት ቃል። ያቺ ቃል ከጉሮሮዬ ብትወጣ ምን ይጎድልብኝ ነበር? እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ተረክሁ። በሩን የከፈተችው ልጅቷ ናት አልኩ። እናቷን ስታይ ጮኻ የአክስቷ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች፣ እማዬ ይቺ ማናት አለች፤ ሴትዮዋም ያመጣችውን ልብስ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች አልኩ። ትልቅ መጽሐፍ የሚያልቀው በሐዘን ነው ብዬ አምን ነበር። ስናገር የራሴው ድምፅ ጣመኝ። ልንገራችሁ? እንባዋን ሳይ ኮራሁ።

«ያኒ፣ ማለቴ አንድ ቀን እንኳ አላደረችም?» አለች።

ይሄኔ እንኳ መመለስ እችል ነበር። ጥያቄዋ ስለ መጽሐፍ እንዳልሆነ ዐይኗ ይናገራል፤ እኔም ገብቶኛል።

«አላደረችም» አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መፈረሟን ነገረችኝ። ሄጄ እንግዳ ከምሆንባት እዚሁ ሆኜ ላሳድጋት አለች። እኔ ምን አልኩ? ብልህ ነሽ አልኳት። ብልህ ነሽ! ኮንትራቱ ሌላ ኮንትራት ወለደ። ሐያት አደገች። አክስቷን እማዬ ትላለች፤ ወላጅ እናቷን ደግሞ በስልክ «እትዬ ዘይነባ» ነው የምትላት። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ የፈጠርኩት ነገር እውነት ሆነ፤ እውነት ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ዘይነባ ግን አዲስ ለሚመጡት ልጆች ጋሼ ባይነግሩኝ ልቤ ተሰብሮ ነበር እያለች ታመሰግነኝ ነበር። እኔም ምስጋናዋን እቀበል ነበር።

በቅርቡ ከእናንተ አንዷ ያንን መጽሐፍ ሙሉውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። መነጽሬን አድርጌ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሄድኩ። ልጅቷ እዚያም አላወቀቻትም። እዚያም ተደበቀች። እዚህ ላይ ደስ አለኝ፤ ገመትኩት ብዬ፣ እኔም ደራሲ ነኝ ብዬ። አያችሁ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ? ገጹን ስገልጥ ግን ሴትዮዋ አልተመለሰችም። ገባች። ውሃ ስጡኝ ብላ ተቀመጠች። አደረች። ሰነበተች። ልጅቷ መጀመሪያ ከሩቅ አየቻት፣ ቀጥሎ ጫማዋን ነካካች፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ጭኗ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ መክፈት አልቻልኩም። ባለፈው እሑድ ለዘይነባ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። አላነበብኩትም ነበር አልኳት። ከወዲያ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ይሰማኛል፤ ውሃውን ዘጋችው። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው?» አለች።

እኔ የማልረባ፣ እንደ ልማዴ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሴትዮዋ በሩን ስታንኳኳ፣ ብዬ ጀመርኩ።

«ኸላስ፣ ይብቃ ጋሼ» አለችኝ። «እርስዎ አይንገሩኝ። ይላኩልኝ፣ ራሴ አነበዋለሁ።»

ላክሁላት። መክፈቷን ስልኬ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ እኔም ለመደወል ድፍረቱን አጣሁ።

እናንተ ደግሞ ሽማግሌ ነው፣ ክፉ አስቦ አይደለም እንዳትሉልኝ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፣ ሁለቴም እያወቅሁ ዋሸኋት። ምናልባት ዘይነባ አንድ ቀን ይቅር ትለኝ ይሆናል፤ ልቧ ሰፊ ነው። ሐያትን ግን ማን ይጠይቅልኛል?