ውዴ በእጇ ያለችው

ጳጉሜ በገባ ቁጥር ጎረቤቴ ልጆቿን በማለዳ ግቢዋ ውስጥ አሰልፋ ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስባቸዋለች፤ ውሃው ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ድምፅና ተከትሎት የሚመጣው የትንፋሻቸው መቆራረጥ ቤቴ ሲገባ፣ ተነሥቼ መስኮቴን እዘጋለሁ። ሴትዮዋ ኩሩ ናት ብላ ታማኛለች፤ ትማኝ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሁለት ሴት ልጆች ነበርን። እናታችን ታናሼን ውድነሽን በወለደች በዓመቱ ስለሞተች፣ የአባታችን እኅት እትዬ ብዙነሽ መጥታ ቤቱን ተረክባ፣ ቁልፉንም አባታችንንም በአንድ መቀነት አስራ ትይዝ ነበር። አባታችን ጎንደር ከተማ ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበር። ውዴ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ባደረባት ትኩሳት ጆሮዋ ተደፍኖ አትሰማም፣ አትናገርም ነበር። ለሰው ልጅ ሁሉ ዜማ እያስተማረ የገዛ ልጁ ድምፁን አለመስማቷን እንደ ቅጣት ቆጥሮት ነው መሰለኝ፣ አባታችን ፊቷን አተኩሮ አያይም ነበር።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከደጅ ሲከለክለን፣ እኔና ውዴ በሩ ሥር ተቀምጠን በእጃችን እናወራ ነበር። አባታችን ማለት ብብት ሥር የተያዘ መቋሚያ ነበር፤ እትዬ ብዙነሽ ማለት በሁለት ጣት ቁንጥጫ ነበረች፤ የሚሰበር ነገር ሁሉ፣ እንቁላልም ይሁን ቅል፣ ተጨብጦ ድንገት የሚከፈት መዳፍ ነበር። ይህን ቋንቋ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ራባት፣ በረዳት፣ ጠማት እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስናገርላት እውል ነበር፤ እትዬ ብዙነሽም «መጣች የዲዳ ጠበቃ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የፍልሰታ ጾም ተፈትቶ፣ ነሐሴ አልቆ፣ ጳጉሜ አንድ ቀን ውዴ ምግብ እምቢ አለች። እጄን ይዛ እምብርቷ ላይ አስቀመጠችው። በማግሥቱ ግን ከእምብርቷ ወደ ቀኝ ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ፤ ቀኝ እግሯንም አጥፋ መዘርጋት አቃታት። ይህንኑ ብናገር እትዬ ብዙነሽ፣ «የሆድ ሕመም ከጀመረበት አይነቃነቅም፤ ይሄ የሚዞረው ሌላ ነገር ነው» ብላ ፈረደች። አባታችንም ለሩፋኤል እንድንደርስ ብሎ፣ በዚያው ዕለት በጭነት ማኪና ጭኖ ኮሶዬ አካባቢ ወዳለ ጸበል ወሰደን።

ጸበሉ ከገደል ሥር ነበር፤ ጉሙ ወርዶ ሰው ከሰው አይተያይም ነበር። ልማዱ፣ ውሃው በሽተኛው ላይ ሲወርድ ያደረበት መንፈስ ጮኾ ማንነቱን እስኪናገር መጠበቅ ነው። ውዴ ከየት አምጥታ ትናገር? ዝም ባለች ቁጥር እትዬ ብዙነሽ «እልኸኛ ነው፤ ጨምሩበት» ትል ነበር። እኔም እጇን ይዤ እንድቆም ስለታዘዝኩ፣ ለእሷ የሚፈሰው ለእኔም እየደረሰኝ፣ መንጋጋዬ እስኪደነዝዝ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር።

በሁለተኛው ማለዳ ውዴ ከውሃው መሀል ድንገት ቀና አለች። ማቃሰቷ ቆመ፣ ፊቷም ተፈታ። እትዬ ብዙነሽ እልልታዋን አቀለጠችውና «ለቀቃት፣ ወንድም ዓለም፤ ለቀቃት» አለች።

አጥማቂው ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። «ምነው ተቻኮልሽ፣ ሴትዮ» አሏትና ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ «ሸጋ ልጅ፣ ቋንቋዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ አሉ። እስቲ ጠይቂያት። አሁንም ሆዷን እንደሆነ የሚያማት፣ ዛሬ ጧት ሰው ያመጣው ማኪና ሳይሄድ ተሳፍራ ሐኪም ቤት ትድረስ» አሉኝ።

አባታችን አፍ አፌን ያይ ጀመር። ውዴ እጇን ቀኝ ሆዷ ላይ አድርጋ ጨበጠች፤ ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች መዳፏን ድንገት ከፈተችው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ግን ገብቶኛል።

«ተሻለኝ ትላለች» አልኩ።

ሰው ለእንዲህ ያለ ነገር ትልቅ ምክንያት ይፈልግለታል። እኔ በርዶኝ ነበር። ያማታል ካልኩ እንደገና ውሃው ሥር የምንቆም መሰለኝ። መነኩሴው ሐኪም ቤት ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሆኖም በቤታችን የመጨረሻው ቃል ሁልጊዜ የእትዬ ብዙነሽ ስለነበረ፣ የሌላ ሰው ቃል እሷን አልፎ ይሄዳል ብዬ አላመንኩም።

ማኪናው ሄደ። በማግሥቱ የውዴ ሆድ እንደ ጣውላ ደረቀ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። አባታችን አቅፏት አውራ ጎዳናው ላይ ቆሞ ያለፈውን ሁሉ ሲለምን አርፍዶ፣ ከተማ ሐኪም ቤት የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም ሆዷን ቀስ ብሎ ተጭኖ ድንገት ሲለቀው፣ ውዴ ያለ ድምፅ አፏን ከፈተች።

«ትርፍ አንጀቷ ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ መግል ሞልቷል» አለ። «መሪጌታ፣ ሕመሙ ድንገት ተወት ያደረጋት ጊዜ ነበር?»

«ትናንት ጧት።»

«ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። ሲፈነዳ ለጥቂት ሰዓት ፋታ ይሰጣል፤ ሰውን የሚያታልለው ይሄ ነው። ምነው ያን ዕለቱን ባመጣችኋት።»

አባታችን ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። የውዴን ሆድ ቀደው መግሉን አጠቡላት። መስከረም ሁለት ቀን ሞተች።

እትዬ ብዙነሽ ዕድሜ ልኳን፣ በየለቅሶው ቤት፣ «የጸበሉን ሰባት ቀን ሳትጨርስ ቢላዋ ነክቷት ነው የሞተችብን» ስትል ኖረች። የዚያን ሐኪም ስም ስታጠፋ አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ቀን አላረምኳትም። ሴትዮዋን ስጠላ ኖሬያለሁ፤ ያኖረኝ ግን ውሸቷ ነው፤ ጥፋቱ የቢላዋው እስከሆነ ድረስ የእኔን መልስ የሚያነሣ አልነበረም። አባታችን የሚያስታውስ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ አንዲት ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። አሁን ሁለቱም ስለሌሉ ጻፍኩት።

በቀደም ለደም ግፊቴ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ሳለሁ፣ አንዲት እናት መስማት የማትችል ልጇን ይዛ ገባች። እናቲቱ መናገር ስትጀምር ነርሷ «ቆዪ እናቴ፣ እሷ ታሳየኝ» ብላ፣ የሰው ገላ የተሣለበት ወረቀት ከመሳቢያ አውጥታ ልጅቱ ፊት ዘረጋችው። ልጅቱ ትንሽ አሰብ አድርጋ ጣቷን አስቀመጠች፤ ነርሷም አይታ ጻፈች። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት አልነበረም፤ እኔ ነበርኩ። እዚያው አግዳሚው ላይ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ነበር፤ ማንም ወደ እኔ ዞሮ ምን ትላለች ብሎ አልጠየቀኝም።