ጡሩምባው ያልተናገረው ማስታወቂያ

በከተማው ውስጥ ይህን ሰው በስሙ የሚጠሩት ባለቤቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ። ለሌላው ሁሉ «ጡሩምባው» ነው። ድምፁ ከአካሉ ቀድሞ ያደገ ሰው ነበር። እናቱ «ሲወለድ አዋላጇ በአንድ እጇ እሱን፣ በሌላው ጆሮዋን ይዛ ነው የተቀበለችው» እያሉ ይስቁበት ነበር። ቀጭን፣ አንገቱ ረዘም፣ ትከሻው ጠበብ ያለ ስለሆነ ድምፁን ሰምቶ ዞር ያለ ሁሉ ተናጋሪውን ከእሱ ኋላ ይፈልጋል።

በወጣትነቱ በአውቶቡስ መናኸሪያ መንገደኛ ይጠራ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ሰዎች መኪና ሲጠብቁ ሰሙትና «ይሄ ጉሮሮ እዚህ ምን ይሠራል?» ብለው ወሰዱት። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የተጫነባት ነጭ መኪና፣ አንድ ማይክራፎንና አንድ ዝምተኛ ሾፌር ሰጡት። ከዚያ በኋላ ፀጉሩ እስኪሸብት ሥራው ይሄው ሆነ። መብራት ሊጠፋ ሲል የሚናገረው እሱ፣ ልጆቻችሁን አስከትቡ የሚለው እሱ፣ የግብር መክፈያው ጊዜ እያለቀ ነው ብሎ ነጋዴውን የሚያስደነግጠውም እሱ። ነጋዴዎቹ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ደግ ነገር ይዘህ ና እንጂ!» ሲሉት «ደጉን በሹክሹክታ ነው የሚነግሩኝ» ብሎ ያስቃቸዋል።

አንድ ጊዜ ገበያ መሃል የጠፋች ሕፃን በሾፌሩና በእሱ መካከል አስቀምጠው «ቢጫ ሹራብ የለበሰች፣ ስሟን አልናገርም ያለች ልጅ እኛ ጋ ናት» እያለ ሲዞር፣ እናትየዋ እየሮጠች መጥታ የመኪናዋን አፍንጫ አቀፈችው። ልጇን ሳይሆን መጀመሪያ መኪናዋን። ጡሩምባው ያንን ቀን አልረሳውም። መንግሥት ማለት ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ቢኖር ኖሮ ይሄንኑ ነበር የሚነግረው።

ነገሩ የተበላሸው ወንዙ የሞላ ጊዜ ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ወንዙ ከዳሩ ወጣና ከተማውን የሚያጠጣውን የውሃ መግፊያ ጣቢያ ዋጠው። የቧንቧ ውሃ ለጥቂት ቀናት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ ሻይ መስሎ፣ ኋላ ጠራ ብሎ ወረደ። ሽታ አለው የሚል አለ፤ የለውም የሚልም አለ። ጡሩምባው ጠዋት ቢሮ ሲገባ የሚያነበው ወረቀት ተዘጋጅቶ ጠበቀው፦ «የቧንቧ ውሃችን ንጹህና ለመጠጥ ተስማሚ ነው። በአሉባልታ አትረበሹ። አሉባልታ የሚነዙ በሕግ ይጠየቃሉ።»

እንደ ወትሮው ጉሮሮውን ጠራርጎ ሲያነበው ዋለ። ቤቱ ሲመለስ ባለቤቱ ትልቁን ድስት ጥዳ ከምድጃው አጠገብ ቆማለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ውሃ እያፈላሁ።»

«ለምን?»

«ለመጠጥ ነዋ።»

«ቀኑን ሙሉ ንጹህ ነው እያልኩ ስጮህ አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ክዳኑን ከፍ አድርጋ እያየች። «የማን ጆሮ ነው ያንተን የማይሰማ!»

ባለቤቱ በከተማው ጤና ጣቢያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው። ነገር የማታበዛ፣ ከተናገረች ግን የማታጥፍ ሴት ናት። «አንሶላውን የማጥበው እኔ ነኝ» አለችው። «ወንዙ ከሞላ ወዲህ የሚመጣልኝ አንሶላ እንደ በፊቱ አይደለም። የሆድ ሕመም ነው የበዛው። ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተስ መቼ ጠየቅከኝ? አንተ የምትናገር ሰው ነህ እንጂ የምትጠይቅ ሰው ነህ?»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እግሩ መሬት አልይዝ አለ። ይቀመጣል፣ ይነሳል፤ መስኮቱን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋዋል። ባለቤቱ «ምነው እሳት ላይ እንደተጣደ ሰው ሆንክ» ብትለውም አልሰማትም።

በማግስቱ ሥራ ሳይገባ ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ሄደ። ዘበኛው ወደ ጸሐፊዋ፣ ጸሐፊዋ ወደ ቴክኒሻኑ ላከችው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ይባል የለ፤ ቢጠይቅ ቢጠይቅ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ቴክኒሻኑ ጎማ ጫማውን ከነጭቃው ጠረጴዛ ሥር ዘርግቶ ተቀምጦ «ናሙና ተልኳል፤ ውጤቱ ገና ነው። ሲመጣም ለበላይ ነው የሚደርሰው» አለው።

«ታዲያ ንጹህ ነው ያለው ማነው?»

ቴክኒሻኑ ግራ ገብቶት አየው። «እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ። እኛም ከእርስዎ ነው የሰማነው።»

ጡሩምባው በቀጥታ ወደ አለቃው ዘለቀ። አለቃው የማዘጋጃ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ በዕድሜ የሚያንሰው፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ የሚውል፣ ሰው የሚያከብር ሰው።

«ይቀመጡ ጋሼ።»

አልተቀመጠም። «አለቃዬ፣ የውሃው ውጤት ሳይመጣ ነው ለካ ንጹህ ነው ያልኩት።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ያኔ የድልድዩን ጊዜ ያስታውሳሉ? አንድ ሰው ተነስቶ ድልድዩ ሊደረመስ ነው አለ። ሕዝቡ ተራወጠ። ድልድዩ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ የተረገጡት አሮጊት ግን የሉም።»

እውነቱን ነው። ጡሩምባውም በቦታው ነበረ፤ «ቀስ በሉ! አትሩጡ!» እያለ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኾ የሰማው አልነበረም።

«ታዲያ አናውቅም፣ እስኪጣራ ጠብቁ ብንልስ?» አለ።

«መንግሥት አላውቅም ካለ ጋሼ፣ ማን ይረጋጋል?»

ጡሩምባው ወጣ። መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ሾፌሩ አስነሳ። ወረቀቱን አነበበ። ደግሞ አነበበ። ድምፁ ግን ከራሱ የሚወጣ አልመስል አለው፤ አንዳንዱን ቃል ይውጠዋል፣ አንዳንዱን ያለ ወትሮው ያፈጥነዋል። ሾፌሩ በዓይኑ ጠርዝ ያየዋል።

ቦኖው ጋ ሲደርሱ ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ወረፋ ይዘዋል። መኪናዋ ለማለፍ ስትቆም አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት ወደ መስኮቱ ተጠጋች። በእጇ የቆርቆሮ ኩባያ ይዛለች።

«ጋሽ ጡሩምባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሚሉትን ሰምቻለሁ። ግን እንደው እንደ አባት ልጠይቅዎ፤ ላጠጣው?»

ወረቀቱን አየ፤ ኩባያውን አየ። ሕፃኑ በእናቱ ትከሻ በኩል ኩባያውን ለመያዝ እጁን ይዘረጋል። ሴትዮዋ አትሄድም፤ ቆማ ትጠብቃለች።

ጡሩምባው ወረቀቱን ገለበጠና ጭኑ ላይ አደረገው። ማይክራፎኑን አነሳ።

«ስሙኝ ወገኖቼ። ውሃው ንጹህ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም። ሲጣራ ይነገራችኋል። እስከዚያው አፍልታችሁ ጠጡ። አትደናገጡ፤ ዝም ብላችሁ አፍሉት። ይሄንን ማንም አላዘዘኝም፤ የምለው እኔ ነኝ።»

የገዛ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ሲሄድ ሰማው።

«ማይኩ ክፍት ነው» አለ ሾፌሩ።

«አውቃለሁ።»

ሾፌሩ ማርሽ አስገባ። ወደ ቢሮ የሚመልሰውን መታጠፊያ ሲያልፈው ጡሩምባው ዞር ብሎ አየው። «ወዴት ነው?»

«የላይኛው ሠፈር አልሰማም እኮ» አለ ሾፌሩ። ብዙ ዓመት አብረው ሲሠሩ ሾፌሩ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

የሮጠ ሰው አልነበረም፤ የተረገጠም የለም። በየቤቱ ድስት ተጣደ፤ ያ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ጡሩምባው ተጠራ።

«ማን አዘዘዎት?» አለ ኃላፊው። ቁጣው የታመቀ ነው።

«ማንም።»

«ጉዳዩ እርስዎ ልክ መሆንዎ አይደለም። ነገ ደግሞ ሌላው ልክ ነኝ ብሎ ማይክ ቢይዝስ? ያ የድልድዩ ሰውዬም እኮ ልክ ነኝ ብሎ ነበር።»

ይሄ ነገር ጡሩምባውን ከቅጣቱ በላይ ወጋው፤ ሐሰት ነው ብሎ ሊጥለው አልቻለምና። ቅጣቱ ወደ ንብረት ክፍል መዛወር ሆነ። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና የተቃጠሉ አምፖሎች መሃል ተቀምጦ የሚገባ የሚወጣ ዕቃ እንዲጠብቅ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ሬዲዮው «ለተጨማሪ ጥንቃቄ ሲባል ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» አለ። ስለ ጡሩምባው ግን ያነሳም የጣለም አልነበረም።

አንድ ቀን ከወንበሮቹ መሃል ተቀምጦ ሳለ በመስኮቱ በኩል ራሱን ሰማ።

መጀመሪያ ጆሮው የሸወደው መሰለው። ተነስቶ መስኮቱን ገፋው። ነጯ መኪና በግቢው በር እየወጣች ነው፤ ከጣሪያዋ የሚወጣው የእሱ ድምፅ ነው። «በወንዙ ዳር ያላችሁ ሱቆችና መኖሪያ ቤቶች እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ እንድትለቁ! ባትለቁ ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱ የራሳችሁ ነው!» እንደዚህ ያለ ነገር በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም። አነጋገሩ፣ አተነፋፈሱ፣ «ኃላፊነት» ሲል ጠበቅ የሚያደርጋት ነገር እንኳ ሳትቀር የእሱው ናት። ለዓመታት የተቀዳ ድምፁን ለኮምፒዩተር ሰጥተውት ኖሯል፤ አሁን የጻፉለትን ሁሉ በእሱ ጉሮሮ ይናገራል።

ሮጦ ኃላፊው ጋ ገባ። «ድምፄን መልሱልኝ!»

«በሥራ ሰዓት የተቀዳ ነው ጋሼ። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው» አለ ኃላፊው። ትንሽ ያፈረም መሰለ። «ደግሞ ሕዝቡ የሚያምነው የእርስዎን ድምፅ ነው። ምን እናድርግ?»

ማታ በሩ ተንኳኳ። የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሱቁ ወንዝ ዳር ነው፤ የጡሩምባውን ፀጉር ከወጣትነቱ ጀምሮ የቆረጠው እሱ ነው። ሳይገባ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እንዲህ ጨከንክብን? አብረን አርጅተን?»

«እኔ አይደለሁም። በአምላክ እምልልሃለሁ፣ እኔ አይደለሁም።»

«አንተዬ፣ ድምፅህ ይጠፋኛል እንዴ?»

«ማሽን ነው! አንተም እኔም ሳናውቀው…» ብሎ ጀመረና ለራሱም ጆሮ የእብድ ወሬ መሰለው። ባለቤቱ ከውስጥ ወጥታ «ቀኑን ሙሉ ንብረት ክፍል ነው የዋለው። ግባና ቁጭ በል፤ ቆመህ አትፍረድ» አለችው። ገባ። ከሁሉም በላይ ያስቸገራቸው ግን የሚከሱት ሰው ማጣታቸው ነበር። ማን ነው ልቀቁ ያለው? ድምፁ የጡሩምባው፣ ቃሉ የማንም አይደለም።

ስለዚህ የሠፈሩ ሰው ስብሰባ ይጠራልን ብሎ አመለከተ፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተጠራ። ኃላፊው መድረክ ላይ ሆኖ ስለ ጎርፍ ስጋት አስረዳ። አስተያየት ያለው ሲባል ጡሩምባው ከኋላ ተነሳ። ማይክራፎን ሊያቀብሉት ሲመጡ «አያስፈልገኝም» አለ፤ አዳራሹ ሳቀ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስናገር ነው የኖርኩት። ዛሬ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ይሄን የወሰነው ማነው?»

«የሚመለከተው አካል ነው።»

«አካሉ ስም የለውም?»

ሳቁ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ተነስቶ «ስም ከሌለው ለማን ነው የምንለቀው?» አለ። ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ቀጥሎ ጡረተኛው መምህር ተነሱ። ወንዙን የለካው ማነው? ወዴት ነው የምንሄደው? ጥያቄው እንደ ዝናብ ወረደ። ኃላፊው ላቡን ጠረገ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔም አላውቅም፤ አጣርቼ እመለሳለሁ» አለ። ማንም አልተራወጠም።

መጨረሻው መሐንዲስ መጥቶ ዳሩን ከነዋሪው ጋር እስኪያይ መልቀቁ ይቆይ ሆነ። ከእንግዲህም ከእያንዳንዱ ማስታወቂያ ጋር የወሰነው ሰው ስም እንዲነገር ተስማሙ። የጡሩምባው ድምፅ ነገር ግን «እናየዋለን» ተባለ፤ ይኸው እስካሁን እየታየ ነው።

ሰው ሁሉ አመሰገነው፤ እሱ ግን ሰላም አላገኘም። መሐንዲሱ ሳይመጣ ሌላ ዝናብ መጣ፤ ወንዙ የፀጉር ቤቱን የኋላ ግድግዳ ይዞት ሄደ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ጡሩምባው ሲሰማ ሱሪውን ሰብስቦ ሮጠ። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱን ታቅፎ ጭቃ ውስጥ ቆሟል።

«ይቆይልን ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ጡሩምባው።

«እኔም ብያለሁ። አሁን ግን ልለቅ ነው።»

«ማን ልቀቅ አለህ?»

«ወንዙ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሁለቱም ሳይፈልጉት ሳቁ።

ከላይ በመንገዱ ነጯ መኪና ስታልፍ ድምፁ እንደገና ተሰማ፦ የዳሩ ነዋሪ ዛሬውኑ ይውጣ፣ ያዘዘው የማዘጋጃ ቤቱ ከንቲባ ነው እያለ፤ የሰውየውንም ስም ይጠራል። ጡሩምባው ከፀጉር ቤቱ ያወጣውን ወንበር እንደተሸከመ ቆሞ አዳመጠ። ልክ ነው? አይደለም? ወንዙን አየ፤ ቡናማ ሆኖ የዳቦ ቤቱን ደረጃ እየላሰ ነው። ያኛው ድምፅ ያልፋል፤ ለሚጠይቀው ሰው አይቆምም።

ወንበሩን ደረቅ ቦታ አሳረፈና የዳቦ ቤቱን በር አንኳኳ። «እትዬ፣ እኔ ነኝ፤ በአካል። ውሃው ከኋላ በኩል የት ደርሷል? እስቲ አብረን እንየው።» አይተው፣ ተማክረው፣ ዕቃ ማውጣት ሲጀምሩ እሱ ወደሚቀጥለው በር ሄደ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው።